ክንዱን ትታችሁ ጣቶቹን እዩ

ባሕር ዳር የዛፍ ከተማ ናት። ማንጎው ሲበስል፣ ዘይቱኑ ቢጫ መምሰል ሲጀምር ልጅ ከቅርንጫፍ ላይ አይጠፋም። ዛፍ የሚወጣ ልጅ አንዳንዴ ይወድቃል፤ ሲወድቅም እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊቀበል ይሞክራል። መዳፉ መሬት ሲመታ ክርኑ ቀጥ ብሎ ይቆለፍና ክብደቱ ሁሉ ከክርን ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው የክንድ አጥንት ላይ ያርፋል። እዚያ ቦታ አጥንቱ ከፊትም ከኋላም የጎደጎደ፣ መሐሉ የሳሳ ነው። ቋ ብሎ ይሰበራል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ከክርን ስብራቶች ሁሉ በብዛት የሚያጋጥመው ይኸኛው ነው።

የዚህን ጽሑፍ መጨረሻ ለማየት ጊዜ የሌለው ወላጅ ቢኖር አንዲት ነገር ይዞ ይሂድ፦ ልጅ ክንዱን ሲሰበር ሰው ሁሉ የሚያየው ያበጠውንና የተጣመመውን ክርን ነው። ክርኑ ይቆያል። የልጅ አጥንት የመዳን ችሎታው የሚገርም ነው፤ የዛሬው ጥምመት ነገም ከነገ ወዲያም ሊቃና ይችላል። የማይጠብቀው ከክርኑ በታች ያለው ነው። ስለዚህ ክንዱን ትታችሁ ጣቶቹን እዩ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አጥንቱ ሲሰበር የላይኛው ክፍል ሹል ጫፍ ብዙውን ጊዜ ወደ ፊት ይገፋል። ከፊት ለፊቱ ደግሞ እጅን የሚመግበው ዋናው የደም ቧንቧ ያልፋል፤ በዙሪያውም ሦስት ነርቮች አሉ። ሹሉ ጫፍ ቧንቧውን ሊያጥፈው፣ ሊጨምቀው፣ አልፎ አልፎም ሊቀድደው ይችላል።

ምርመራው መሣሪያ አይፈልግም፣ እናትም ልትሠራው ትችላለች። የልጁን ጥፍር ተጫኑና ልቀቁ፦ የነጣው ጥፍር በ2 ሴኮንድ ውስጥ መልሶ መቅላት አለበት። መዳፉን ከጤነኛው እጅ መዳፍ ጋር አነጻጽሩ፦ ሙቀቱ እኩል ነው? ከዚያ ሦስት ጨዋታ አጫውቱት። አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያቁም። ጠቋሚውንና መሐል ጣቱን እርስ በርስ ያጠላልፍ። በመጨረሻም አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን ጫፍ ለጫፍ አገናኝቶ ቀለበት ይሥራ። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ በዚህ ስብራት ቶሎ የሚጎዳው ነርቭ የሚያሠራው እሱን ነውና። ነርቩ ከተጎዳ ልጁ ቀለበት ሠራሁ ብሎ ያሳያችኋል፣ ነገር ግን የጣቶቹ የመጨረሻ አንጓዎች አይታጠፉም፤ ክቡ ተጨፍልቆ ሁለቱ ጣቶች በሆዳቸው ይገናኛሉ፣ ወረቀት እንደሚቆነጥጥ ሰው። ባዩት ጊዜ ለሐኪሙ ንገሩት፣ እሱም ከቀዶ ሕክምና በፊት ይጻፈው። ከወራት በኋላ «ነርቩን የጎዳው ውድቀቱ ነው ወይስ በቀዶ ሕክምናው የገባው ሽቦ?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ መልሱ ያቺ አንድ መስመር ጽሑፍ ናት። ደግነቱ አብዛኛው ነርቭ የተቆረጠ ሳይሆን የተለጠጠ ስለሆነ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይመለሳል።

አንዳንዱ ልጅ ላይ የእጁ አንጓ ጋ የደም ምት አይገኝም፣ እጁ ግን ሞቃትና ቀይ ነው። ዙሪያውን የሚያልፉ ትናንሽ ቧንቧዎች እየመገቡት ነው ማለት ነው፤ አጥንቱ ቶሎ ወደ ቦታው ሲመለስ ምቱም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። እጁ ነጭና ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለ እጅ ሰዓት አይጠብቅም፣ ማታ ነው፣ ሰንበት ነው፣ ልጁ በልቷል አይባልበትም።

አሁን ወደ ማሰሩ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ወጌሻን ለመውቀስ አልተነሣሁም። በየቀበሌው ቅርብ የሆነው፣ ሌሊትም ሲጠሩት የሚመጣው፣ ዋጋውም የሚቻለው እሱ ነው። ችግሩ ያለው በቀርከሃው ስንጥርና በማሰሪያው ጥብቀት ላይ ነው። እብጠት ስብራት ሲደርስ ወዲያው አያልቅም፤ በቀጣዮቹ 24 እና 48 ሰዓታት ይጨምራል። ማሰሪያው ግን አይለጠጥም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ልክ የነበረ ጨርቅ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማነቂያ ይሆናል። የታችኛው ክንድ ጡንቻዎች በማይለጠጥ ስስ ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው፤ ከውጭ በማሰሪያ፣ ከውስጥ በእብጠት ሲጨመቁ ግፊቱ ከፍ ይልና ደም ወደ ጡንቻው መግባት ያቅተዋል። ጡንቻ ያለ ደም የሚቆየው 6 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ መሞት ይጀምራል፤ የሞተውም ጡንቻ በጠባሳ ይተካና ይኮማተራል፣ ጣቶቹም እንደ አሞራ ጥፍር ታጥፈው ይቀራሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ቮልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 ይህን የጣት መኮማተር ከጥብቅ ማሰሪያ ጋር አያይዞ ጽፎታል። ማሰሪያው ከዚህም ከባሰ ደግሞ እጁ ይጠቁራል፤ ያኔ የሚቀረው መቁረጥ ብቻ ነው።

ሕፃን ልጅ «ጡንቻዬ ላይ ግፊት አለ» አይልም። የሚለው በሌላ ቋንቋ ነው። ያለቅሳል፣ ይቁነጠነጣል፣ ማስታገሻው አይይዝለትም። ዋርድ ውስጥ እናት «ሲስተር፣ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፤ መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላም አለቀሰ» ብላ ስትናገር፣ ጥሩ ነርስ «ልጅ ነው፣ ያለቅሳል» አትልም። «እናቴ፣ ቆይ አንዴ ልየው» ትልና ጣቶቹን በቀስታ ወደ ላይ ታቃናለች። በዚህች ትንሽ እንቅስቃሴ ልጁ ከጮኸ ጀሶውም፣ ፋሻውም፣ ከሥሩ ያለው ጥጥም እስከ ቆዳ ድረስ ወዲያው ይሰነጠቃል። ግማሹን መሰንጠቅ ምንም አይረባም፤ ደም ነክቶት የደረቀ ጥጥ ብቻውን ያንቃልና። ይህም ካላስታገሠው የጡንቻው ሽፋን በቀዶ ሕክምና ይከፈታል። የደም ምት አለ ብሎ መጽናናት አያስፈልግም፤ ትልቁ ቧንቧ እየመታ ጡንቻው ሊሞት ይችላል።

ለወጌሾች የሚነገረው ብዙ አይደለም። ጣቶቹን ክፍት ተዉ፣ ዙሪያውን አትጠምጥሙ፣ ሌሊት ጣቱ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ፍቱት፣ አጥንት ቆዳ ወግቶ ከወጣ አትንኩት፣ ወደ ሐኪም ላኩት። በአገራችን ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ እጅና እግር ጠቁሮባቸው የሚመጡ ሰዎች ቁጥር መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። አንድ ቀን ብቻ! እኔ እንደሚመስለኝ ወጌሻን ጠላት አድርጎ ማስፈራራት ልጁን ከሐኪም የበለጠ ያርቀዋል፤ አብሮ መሥራቱ ግን ጣት ያድናል።

እንግዲህ ልጁ ወድቋል፣ እናንተም ዘጌ ወይም ደቅ ደሴት ናችሁ፣ ጀልባ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ። አምባር፣ ቀለበት፣ የእጅ ክር ካለ አሁኑኑ አውልቁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ካበጠ አይወጣም። ክርኑን አታቃኑት፣ አጥብቃችሁም አትጠፉት፤ ባገኛችሁት ሁኔታ፣ ትንሽ እንደታጠፈ፣ ይቆይ። የሳሙና ካርቶን ከብብት ሥር እስከ መዳፍ ድረስ ቁረጡና እንደ አሸንዳ አጥፋችሁ ከሥር አስቀምጡት፤ በነጠላ ወይም በሻርፕ በልል እሰሩት፣ በማሰሪያውና በቆዳው መሐል አንድ ጣት ይግባ። ካርቶን ከሌለ ደረቅ ደንገል በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሠራል፤ ቀላል ነው፣ ታንኳ የሚሸከም እጅም ይሸከማል። እጁን ደረቱ ላይ ከፍ አድርጉት። ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ይሰጠው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 300 ሚሊ ግራም ማለት ነው፣ በየ6 ሰዓቱ። በየግማሽ ሰዓቱ ጥፍሩን ተጫኑ። ቅቤ መቀባትና ማሸት ግን ይቅር፤ የተሰበረን አጥንት ማሸት ሹሉን ጫፍ በቧንቧው ላይ ማንቀሳቀስ ነው።

ከዚያ የሚያጋጥመው ችግር ብስኩት ነው። ልጁን ለማባበል መንገድ ላይ ብስኩትና ሻይ በወተት ይሰጠዋል፤ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ሆዱ ሙሉ ነው። ሙሉ ሆድ ይዞ ማደንዘዣ የወሰደ ልጅ ሊያስመልሰውና ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከምግብና ከከብት ወተት 6 ሰዓት፣ ከእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ከንጹህ ውኃ 2 ሰዓት ይጠበቃል። እጁ ሞቃትና ቀይ ከሆነ ይህ ችግር አይደለም። እጁ ነጭ ከሆነ ግን የማደንዘዣ ባለሙያው ሙሉ ሆድን እንደ ሙሉ ሆድ ቆጥሮ ጥንቃቄውን ጨምሮ ይገባል፤ ያቺ ብስኩት የልጁን አደጋ በአንድ ደረጃ አሳደገችው ማለት ነው።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙ ጊዜ ቢላ አይነካውም። ልጁ ይተኛል፣ ክንዱ ሲ-አርም በሚባለው ተንቀሳቃሽ ራጅ ላይ ይዘረጋል። ረዳቱ ብብቱ አካባቢ ይይዛል፣ ሐኪሙ ክርኑን ትንሽ አጥፎ አንጓውን ይዞ በቀስታ ይስባል፣ አንድ ደቂቃ ያህል። እዚህ መቸኮል አይገባም፤ ሹሉ ጫፍ ጡንቻውን በስቶ ከሆነ በመሳብ ብቻ ይለቀቃል። መጀመሪያ ወደ ጎን የሸሸው ይመለሳል፣ ከዚያ መዞሩ፣ በመጨረሻ ሐኪሙ በአውራ ጣቱ የክርኑን ጫፍ ከኋላ ወደ ፊት እየገፋ ክንዱን ያጥፋል። ራጁ ላይ ከጎን ሲታይ በክንድ አጥንት ፊት ለፊት የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር የታችኛውን ክብ አጥንት መሐሉን መቁረጥ አለበት። ከፊት ካለፈው አጥንቱ ገና ወደ ኋላ ተንጋሏል።

ቦታው ላይ ሲሆን ሽቦ ይገባል። ለትንሽ ልጅ 1.6 ሚሊ ሜትር፣ ለትልቁ 2 ሚሊ ሜትር፤ ሁለት፣ ካስፈለገም ሦስት፣ ከውጪኛው ጎን። ቆዳ አይከፈትም፣ በድሪል በቀጥታ ይገባሉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሽቦዎቹ ስብራቱ ጋ ሲደርሱ ተጠጋግተው ሲገኙ ነው። ሁለት የተጠጋጉ ሽቦዎች እንደ አንድ ናቸው፣ አጥንቱ በዙሪያቸው ይዞራል። ስብራቱ ላይ መራራቅ፣ ደግሞም ተሻግረው የማዶውን ጠንካራ ቅርፊት መንከስ አለባቸው። ከውስጠኛው ጎን ሽቦ መጨመር ጥንካሬ ይሰጣል፤ ነገር ግን ትንሿን ጣት የሚያሠራው ነርቭ እዚያው አጥንቱ ሥር ስለሚያልፍ፣ ያበጠ ክርን ላይ በጭፍን ማስገባት ነርቩን መብሳት ሊሆን ይችላል። በእኔ እምነት ከውጪ በኩል በትክክል የገቡ ሦስት ሽቦዎች ካሉ ወደዚያ መሄድ አያስፈልግም።

የሽቦዎቹ ጫፍ ከቆዳው ውጭ ታጥፎ ይቆረጣል። ጀሶው ዙሪያውን የሚጠመጠም አይደለም፣ ከኋላ ብቻ የሚያርፍ ግማሽ ጀሶ ነው፤ ክርኑም ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ብቻ ይታጠፋል። አጥንቱን የያዘው ሽቦው ስለሆነ ከ90 በላይ ማጠፍ ጥቅም የለውም፣ ደሙን ግን ይዘጋል። ልጁ ቢያንስ ያችን ሌሊት ተኝቶ ጣቶቹ ይታያሉ።

እስካሁን የጻፍኩት ስለሚጮኸው ስብራት ነው። ዝም የሚል ደግሞ አለ። ከክርኑ ውጪኛ ጎን ትንሽ ቁራጭ ይነሣል፤ እብጠቱ መጠነኛ ነው፣ ልጁ እጁን ትንሽ ያንቀሳቅሳል፣ ራጁ ላይም የምትታየው ስስ የአጥንት ቅርፊት ብቻ ናት። «ወለምታ ነው» ተብሎ ይሸኛል። ነገር ግን የልጅ ክርን አብዛኛው ክፍል ገና ልምጭጭ አጥንት ነው፣ ማለትም ገና ያልጠነከረ ለስላሳ አጥንት፤ ልምጭጭ አጥንት ደግሞ በራጅ አይታይም። ክርኑ ውስጥ ስድስት የአጥንት ፍሬዎች፣ ልምጭጩ ወደ አጥንት መለወጥ የሚጀምርባቸው ነጥቦች፣ በተራ ይወጣሉ፣ በግምት በ1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 እና 11 ዓመት ዕድሜ። ይህን ተራ የማያውቅ ዓይን ስብራቱን ፍሬ፣ ፍሬውን ስብራት ያደርገዋል፤ የጤነኛውን ክርን ራጅ አብሮ ማንሣት ብዙ ስሕተት ያድናል። ያቺ ቅርፊት ከቦታዋ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰች በሽቦ መያዝ አለባት፣ ብዙ ጊዜም ተከፍቶ። ካልተያዘች በጡንቻ እየተሳበች፣ በመገጣጠሚያው ውኃ እየታጠበች ሳትገጥም ትቀራለች። ልጁ ሲያድግ ክርኑ ወደ ውጭ ይጣመማል፣ ከዓመታት በኋላም ትንሿ ጣት መደንዘዝ ትጀምራለች፣ ያኔ ዛፉን የሚያስታውሰው የለም።

በልጅ ላይ «ወለምታ» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ መስማት የሚበጀውም ለዚህ ነው። አጥንት የሚረዝምበት የእድገት ንጣፍ ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ስለሆነ አዋቂ ጅማቱ በሚቀደድበት ኃይል ልጅ ንጣፉን ይሰበራል። ሳልተርና ሃሪስ የተባሉ የካናዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1963 በአምስት ዓይነት ከፍለውታል፤ ለወላጅ የሚጠቅመው ግን አንድ ነገር ነው፦ ንጣፉ ከተነካ ልጁ ከዳነ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ዓመት በቀጠሮ መታየት አለበት፣ አጥንቱ ማደጉን አቁሞ ወይም ወደ አንድ ጎን እያደገ ሊሆን ይችላልና።

የጭን አጥንት ስብራት ላይ አልቆይም። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከደረት እስከ እግር የሚደርስ ጀሶ ለ6 ሳምንት ገደማ ይበቃል፤ አጥንቱ አንድ ወይም አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ተደራርቦ ቢገጥም አያስደነግጥም፣ የተሰበረ የልጅ ጭን ከጤነኛው ፈጥኖ ያድጋል። ከዚያ በላይ ላለ ልጅ ተጣጣፊ ዘንግ ይገባል። ክረምት ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጀሶ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል እንጂ አይደርቅም፤ ትልቁ ጀሶ በሐምሌ ባሕር ዳር እርጥበት ሁለትና ሦስት ቀን ይፈልጋል። እስኪደርቅ በጣት ጫፍ አይያዝ፣ በመዳፍ ይነሣ፤ የጣት ጎድጓዳ ውስጥ ቀርቶ ቆዳ ያቆስላል። ባጃጅ ውስጥ አስገባለሁ ብሎ እግሩን ማጠፍም ጀሶውን ጉልበት ወይም ዳሌ ላይ ይሰብረዋል፤ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አጋድሞ መውሰድ ይሻላል።

ስብራት የሚመስል ስብራት ያልሆነም አለ፣ እሱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ልጁ ከብት ሲጠብቅ ጉልበቱ ሥር ተመትቶ ነበር፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ትኩሳት ይይዘዋል፣ እግሩን መሬት አያስነካም። ቤተሰቡ «ያን ጊዜ ተሰብሮ ነበር» ይልና ያሳሸዋል። ይህ የአጥንት ውስጥ መግል ነው። ራጅ በመጀመሪያዎቹ 7 እስከ 10 ቀናት ንጹህ ሊሆን ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» ተብሎ መመለስ የለበትም። ሕመሙ ዳሌ ላይ ከሆነ ደግሞ አራት ነገር ይታያል፦ ከ38.5 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ መርገጥ አለመቻል፣ የነጭ ደም ሴል ከ12,000 በላይ መሆን፣ ኢኤስአር የሚባለው የደም ምርመራ ከ40 በላይ መሆን። አራቱም ከተገኙ መገጣጠሚያው ውስጥ መግል እንዳለ ተቆጥሮ በዚያው ቀን ይከፈታል። መግል ልምጭጭ አጥንትን የሚበላው በቀናት ውስጥ ነው። በጊዜው በመርፌ መድኃኒትና በትንሽ ቀዳዳ የሚያልቀው ነገር፣ ከቆየ ለዓመታት መግል የሚያፈስ፣ የሞተ አጥንት እየተለቀመ የሚወጣበት እግር ይሆናል።

ወደ ክርኑ ልመለስ፣ ቤት ገብቷልና። በሳምንቱ ራጅ ይነሣል፣ አጥንቱ ሸሽቶ ከሆነ ያኔ ለማስተካከል ገና አይዘገይም። ሽቦዎቹ ውኃ አይንካቸው። ጣና ዋና የለም። ጸበልም ቢሆን ልጁ ይጠጣ፣ ፊቱን ይረጭ፤ ጀሶው ግን አይነከር፣ በላስቲክ መጠቅለልም አስተማማኝ አይደለም። የረጠበ ጀሶ ሥር ያለ ሽቦ መግል ወደ አጥንት የሚገባበት በር ነው። ሽታ፣ ፈሳሽ፣ አዲስ ትኩሳት ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም።

በ3ኛው ወይም በ4ኛው ሳምንት ሽቦዎቹ በተመላላሽ ክፍል በፒንሳ ይወጣሉ። ማደንዘዣ አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱ የሚወስደው ጥቂት ሴኮንድ ነው፣ ልጁን ከሚያመው ይልቅ የሚያስፈራው ይበልጣል። ቀዳዳዎቹ በቀናት ይዘጋሉ።

ከዚህ በኋላ ክርኑ አይታጠፍም፣ አይዘረጋምም፤ ወላጅ የሚደነግጠውም፣ ወደ ማሸት የሚመለሰውም አሁን ነው። በዘይት አሽቶ፣ ባልዲ አሸክሞ፣ በጉልበት ጎትቶ ክርን አይፈታም። የተጎተተ ክርን ውስጡ ይደማል፣ የደማው ቦታ ይጠነክራል፣ አንዳንዴም ጡንቻው ውስጥ አጥንት ይበቅላል። ልጅ በራሱ ሲጠቀምበት ግን ብዙው እንቅስቃሴ በስድስት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል፣ የቀረውም በወራት። የተጎዳው ቀኙ ከሆነ ጥሩ አጋጣሚ ነው፦ አታጉርሱት። ቆሎውን በትንሽ ሳህን አድርጋችሁ ፊት ለፊቱ አስቀምጡ፣ እንጀራውንም በዚያው እጁ ቆርሶ ይብላ። መጀመሪያ አንገቱን ወደ እጁ ይሰብራል፤ ተዉት። በየቀኑ ሳህኑን ትንሽ ራቅ አድርጉለት።